ጣውንቴ ወንድ ነበረች

እኔ ቅናተኛ ነኝ። ይህን የምለው ለኑዛዜ አይደለም፤ ሰው ቁመቱን ወይም የጫማ ቁጥሩን እንደሚናገረው ነው። እናቴ ታናሽ እህቴን የወለደች ጊዜ ጎረቤት ቤት ገብቼ «ሌላ እናት ስጡኝ» እያልኩ አልቅሻለሁ አሉ። ሆሳዕና ተማሪ ሳለሁ ጓደኛዬ አዲስ ጫማ ካደረገች የኔው ጫማ በዚያው ቀን እግሬን ይልጠኝ ጀመር። ፓስተራችን ቅናት አጥንትን ያነቅዛል የሚለውን ቃል ባነበበ ቁጥር ጉባኤው ሁሉ ወደ እኔ የዞረ ይመስለኛል። አጥንቴ ግን እስካሁን ደህና ነው። በስደት አገር፣ ዙሉ በሚነገርባት ካትሌሆንግ ባለችው ሱቃችን፣ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜበት እውላለሁ።

ባሌ ደግሞ ቅናት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ይህም ራሱን የቻለ ንዴት ነው። ሎኬሽን የምንለው የዚህ የድሃ ሰፈር ጎረምሶች በፍርግርጉ በኩል «ሲሲ፣ እኔን አግቢኝ» ሲሉኝ እሱ ከኋላዬ ሆኖ ይስቃል፤ የገዙትን ያቀብላቸዋል። ዝምተኛ ሰው ነው። ያደገው ቡታጅራ አካባቢ፣ የማርያም ስለት በማይቋረጥበት ቤት ነው። ስንጋባ የአንገቱን ማተብ በራሱ እጅ ፈትቶ ከኛ ጋር ጌታን ተቀበለ። ለጌታ ብሎ ይሁን ለኔ ብሎ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። ለጌታ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ለኔ ከሆነ ግን የበለጠ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናብ በማያውቀው በዚህ አገር ደረቅ ክረምት፣ ሴት ልጅ ወለድኩ። ወለድኩ ማለት ከተቻለ። ሐኪሞቹ ሆዴን ከፍተው ሲያወጧት ትንፋሽ አልነበራትም። እኔ በማደንዘዣ ተኝቼ ነበር። ከነቃሁ በኋላም ደሙ አልቆም ብሎኝ ሐኪም ቤት ስሰነብት፣ ባሌና የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች ቀብረዋት ተመለሱ። ፎቶ አልተነሳም። ሽማግሌዎቹ ባሌን ለብቻው ወስደው መክረውታል፤ ያላየችውን ቶሎ ትረሳዋለች፣ መልኳን አታንሳባት፣ ብትጠይቅህም አትንገራት ብለውታል። የኛ ሰው ክፉ ነገር ሲሸፋፈን የሚድን ይመስለዋል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነበር፤ እኔ ግን በሰማሁ ቀን ጥርሴን ነከስኩ።

ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ ጌታ ይተካልሽ እያለኝ ሄደ። ለሱ የተባለለት አይዞህ፣ ወንድ ነህ ብቻ ነው። እንግዳ የቀነሰ ሰሞን ልጃችን ምን ትመስል እንደነበር ጠየቅኩት። ልጅ ልጅን ነው የሚመስለው አለኝና የለስላሳ ሳጥን ሊያስተካክል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። እሱ አይቷታል፣ እኔ አላየኋትም። በእህቴም፣ በጓደኛዬ ጫማም እንዲህ ቀንቼ አላውቅም። በገዛ ባሌ ዓይን ቀናሁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ባኪ የምንላትን ፒክአፓችንን ይዞ ከከተማው በስተደቡብ፣ ከቢጫዎቹ የማዕድን ቁልሎች ሥር ወዳለው የቻይኖች ጅምላ መሸጫ ይሄዳል። ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ካልሲ፣ ላይተርና የፀጉር ላስቲክ የምናመጣው ከዚያ ነው። ድሮ ለምሳ የሚደርስ ሰው በዚህ ዓመት ማምሸት ጀመረ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነው እያለ ሲያሳልፈኝ ቆየ። አንድ ማክሰኞ ጃኬቱን ተቀብዬ ልሰቅል ስል የማላውቀው ጭስ ሸተተኝ። የሲጋራ አይደለም፣ የብራይ፣ የሥጋ ጥብስ፣ ጭስም አይደለም። ጣፋጭ ነገር ነው፤ ሽቶ የፈሰሰበት እንጨት ሲቃጠል እንዲህ ሳይሸት አይቀርም። ጃኬቱን እንደያዝኩ የት እንደዋለ ጠየቅኩት። ቻይናዋ ሱቅ ቁጭ ብዬ አለ። እቃ ገዝቶ መውጣት እያለ ምን እንደሚያስቀምጠው ስጠይቀው ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«እዛ የምትሰማ አለች» አለኝ።

የምትሰማ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ «ሳምባዲ» ብሎ ያመልጠኝ ነበር። አማርኛ ግን ለቅናተኛ ሚስት የተሠራ ቋንቋ ነው፤ ወንዱ ስሟን ቢደብቅ ግሱ ያጋልጠዋል። ማን ናት ብዬ ብጨቀጭቀው ራቱን በልቶ ተኛ። ያን ሳምንት ዳቦ ለጠየቀኝ ሳሙና ሰጠሁ፣ ሳሙና ለጠየቀኝ ተቆጣሁ። ሰው የሚሰማው ካጣ እኔ ሁለት ጆሮ አለኝ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከተማ አቋርጦ የሌላ ሴት ጆሮ መፈለግ ምን የሚሉት ነው? የሴትየዋን ቁመት፣ መልክ፣ የጆሮ ጉትቻዋን ሳይቀር በሐሳቤ ሠርቼ ጨረስኩ።

አርብ ዕለት ሱቁን ለሱ ትቼ፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ ብዬ ወጣሁ። ጣውንቱን ለማየት የሚሄድ ሰው እንደሚለብሰው ነበር የለበስኩት። የሠርግ ሰሞን ሻርፔን ጣል አድርጌ፣ ከንፈሬን ተቀብቼ፣ ዋናው መንገድ ዳር ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ ወደ ከተማ የሚሄድ ታክሲ አስቆምኩ። ከከተማ ሌላ ታክሲ ቀይሬ ደረስኩ። ባሌ ደረሰኝ የሚቀበልበትን ሱቅ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ እየጠየቅኩ ከኮሪደሩ መጨረሻ አገኘሁት።

ሴትየዋ አያት ናት። ካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ በባልዲ ቁልልና በቴርሞስ መካከል ተቀምጣ ከብረት ሳህን ሩዝ ትበላለች። ፀጉሯ ሳስቷል፣ መነጽሯ በክር ታስሯል። ሳቄ መጣ። ለዚህች ነው ከንፈሬን የቀባሁት ብዬ፣ ባዶ እጄን ላለመቆም ካልሲ የምመርጥ መሰልኩ። ያን ጊዜ ጭሱ ሸተተኝ። ቀና ስል ከገንዘብ መቀበያው በላይ መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ቀይ የኤሌክትሪክ ሻማ፣ ብርቱካን፣ አሸዋ በሞላበት ስኒ የተተከሉ ቀጫጭን የሚጨሱ እንጨቶች። ከኋላቸው አንዲት ሴት ተቀምጣለች። እንደ ስኒው ከነጭ ሸክላ የተሠራች ናት። ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ ተከናንባለች፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋለች። ጭኗ ላይ ልጅ ይዛለች።

ማርያም፣ አልኩ በሆዴ።

እዚህ ላይ የሐኪም ቤቱን ነገር ማንሳት አለብኝ። እኔ ተኝቼበት በነበረው ክፍል፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው አልጋ ላይ አንዲት የአገራችን ልጅ ወልዳ ተኝታ ነበር። ጠያቂዎቿ ሲመጡ በየተራ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። እኛ ጴንጤዎች እንዲህ አንልም፤ ጌታ ይመስገን ነው የምንለው። ቃሉ ግን አማርኛ ነው፣ በመጋረጃ አይከለከልም። አንዱ ጠያቂ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ያው ቃል ይደገማል። ልጇ ታለቅሳለች፣ ሁሉም ይስቃል። እኔ ትራሴን ጆሮዬ ላይ ጭኜ፣ እሷን ማርያም ከማረቻት እኔን ማን ማረኝ እያልኩ እቀና ነበር። በወለደችው ሴት ብቻ አልነበረም፤ በቃሉም ቀናሁ።

እና አሁን ያቺ መሐሪ፣ ልጅ ታቅፋ፣ በቻይና ሱቅ ውስጥ ከካልሲ በላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ባሌም ማክሰኞ ማክሰኞ ሥሯ ይቀመጣል። ማተቡን ቢፈታም ልቡን አልፈታም ማለት ነው ብዬ ተነሳሁ። ቤት ስደርስ ሐኪም ቤት ሳይሆን የት እንደነበርኩ ነገርኩት። ስለ ጣዖትና ስለ ጌታ ብቆጣ ያምርብኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ራሱ ቀናተኛ አምላክ ነው ይላል መጽሐፉ፣ ያንን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። እኔ ግን የተቆጣሁት ለራሴ ነው። ወደ እናትህ ማርያም ተመልሰህ እኔን ትተኸኛል አልኩት። ባሌ ሳቀ። ልጃችን ከሞተች ወዲህ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ እሱም በኔ።

ማርያም አይደለችም አለኝ። የቻይኖች ናት፣ ጓንዪን ይሏታል፣ ቻይናዋ እንደነገረችኝ የዓለምን ለቅሶ የምትሰማ ማለት ነው አለ። ታዲያ አንተ ምን ታሰማታለህ ስለው፣ እቃ እስኪጭኑልኝ እዛው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ እንጂ ምንም አለ። «ምንም» ሲል ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። የማውቀው ባሌ ሲዋሽ ዓይኑን አያሸሽም፤ የሚያሸሸው ሊያለቅስ ሲል ነው። ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። የታየኝ ጣውንቴ ሸክላ መሆኗ ብቻ ነበር።

ሌላ ሴት ጣውንት ሲመጣባት ከወዴት ናት፣ የማን ልጅ ናት፣ ድሮ ምን ነበረች ብላ ታስጠይቃለች። እኔም አስጠየቅኩ፤ የጠየቅኩት ስልኬን ነው። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ከባንኮኒው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እንግሊዝኛው ሲከብደኝ እየተረጎምኩ አነበብኩ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ጣውንቴ ወንድ ነበረች።

የተወለደችው፣ ወይም የተወለደው፣ ሕንድ ነው። ስሙ አቫሎኪቴሽቫራ ይባል ነበር፤ ምላሴ እስኪላመደው ስኳር እየመዘንኩ ደጋግሜዋለሁ። ወደ ታች የሚመለከት ጌታ ማለት ነው ይላሉ። የስሙ መጨረሻ በጥንቱ አጻጻፍ ሌላ ነበር፣ ድምፅን የሚያስተውል ማለት ነው የሚሉም አሉ፤ ቻይኖቹ የያዙት ይህንኛውን ነው። በጥንት ሥዕሎቹ ደረቱ የተራቆተ ልዑል ነው፤ ወርቅ አጥልቋል፣ በእጁ የውሃ አበባ ይዟል፣ ስስ ጺም አለው። ጺሙን ሳይ ደስ አለኝ። ይኸው ነው እንዴ የፈራሁት አልኩ።

የሱ ወግ ከሌሎች ቅዱሳን ወግ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ከመከራ ሁሉ ወጥቶ ወደ ዕረፍት የሚገባበት በር ደጃፍ ደርሶ ነበር። እግሩን ሊያነሳ ሲል ከኋላው የሚያለቅስ ሰው ሰማ። ይሄ ሁሉ ሰው ሳይገባ አልገባም ብሎ ማለና ተመለሰ። ቲቤቶች ዘንድ ደግሞ፣ የሰውን መከራ ከማዳመጥ ብዛት ጭንቅላቱ ተሰነጣጠቀ ይላሉ፤ ከዚያ ብዙ ራስና ሺህ እጅ ተሰጠው፣ በየመዳፉም ዓይን ወጣለት። ይህን ያነበብኩ ቀን እንደገና ተናደድኩ። ሺህ እጅ ካለው ጋር በሁለት እጅ እንዴት ይወዳደሩታል? እኔ መዳፌ ላይ ያለው ዓይን አይደለም፣ የሳጥን መሰንጠቂያ ያቆሰለኝ ጠባሳ ነው።

ከሕንድ በነጋዴና በመነኩሴ ተጭኖ ቻይና ገባ። መጀመሪያ እዚያም ወንድ ነበር። ከዘመን ወደ ዘመን ግን ጺሙ እየሳሳ፣ ልብሱ እየነጣ፣ ትከሻው እየጠበበ መጣና አንድ ቀን ሴት ሆና ተገኘች። ለምን እንደሆነ የሚጽፉት አይስማሙም። አንዳንዶቹ አላገባም ያለች ልዕልት ታሪክ ያነሳሉ፤ አባቷ ሊያስገድላት ሞክሮ ኋላ ሲታመም ዓይኗንና እጆቿን ቆርጣ መድኃኒት አድርጋ ሰጠችው ይላሉ። ሌሎቹ ነገሩን ቀለል ያደርጉታል። ምጥ የያዛት ሴትና ባሏ ባሕር ላይ የቀረባት ሴት ጺም ላለው ልዑል ሆዳቸውን መንገር ስላልሆነላቸው ነው ይላሉ። ሴቶቹ ልጅ ስጪን አሏት፤ ሠሪዎቹም ጭኗ ላይ ልጅ አስቀመጡላት። እንዲህ አድርገው ነጭ ሸክላ የሚሠሩበት አገር በቻይና የባሕር ዳር ነው፤ የኛዋ ሱቀኛም ከዚያ ወገን መሆኗን በኋላ ነግራኛለች። ጃፓን ውስጥ ክርስትና በተከለከለ ዘመን ደግሞ አማኞቹ ማርያምን በዚችው ሴት መልክ ደብቀው ይጸልዩ ነበር። እኔ ሳላውቅ የተሳሳትኩትን እነሱ አስበውበት ተሳስተውታል ማለት ነው። ይህ ትንሽ አጽናናኝ።

ሳነብ ያስቸገረኝ ታሪኩ ሳይሆን ሰዋስው ነው። አንድ ገጽ ላይ «ሰማ» ብዬ ጀምሬ ሌላው ገጽ ላይ «ሰማች» እላለሁ። የትኛው ቦታ ላይ ነው ከእሱ ወደ እሷ የምሻገረው? አንቱ ብላቸው ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ እሳቸው ሰሙ፣ እሳቸው ተመለሱ፣ ወንድም ሴትም ሳይባል ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ጣውንትን አንቱ ማለት አልሆነልኝም። ደግሞም በጣም የቆረቆረኝ ይኸው ነበር፤ ሰው የፈለገውን ሁሉ ትሆንለታለች። ለነጋዴው ልዑል፣ ለዓሣ አጥማጅ ሚስት እናት፣ ለተደበቀው ክርስቲያን ማርያም። ለባሌ ምን ሆናለት ይሆን? እኔ ሚስት ብቻ ነኝ፤ ከዚያ ሌላ መልክ የለኝም።

ይህን ጥያቄ ይዤ ዳግመኛ ሄድኩ። ማክሰኞ ያልሆነ ቀን መርጬ፣ በዚህኛው ጊዜ ከንፈሬን ሳልቀባ። ሱቀኛዋ ካልሲ ያልገዛችው ሴት ብላ አወቀችኝ መሰለኝ በርጩማ አቀረበችልኝ፣ ከቴርሞስ ትኩስ ውሃ በስኒ ቀዳችልኝ። ሻይ የሌለበት ትኩስ ውሃ ነው፣ ጨዋነት ነው ብዬ ጠጣሁት። ከዚያ ስልኬ ላይ የባሌን ፎቶ አውጥቼ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ አልኳት። ፊቷ በራ። እንግሊዝኛዋ የባንኮኒ እንግሊዝኛ ነው፣ የኔም ያው ነው።

«ቱዝዴይ» አለች። «ሺ ካም ቱዝዴይ። ሺ ሲት ሂር። ሺ ክራይ። ሺ ቶክ ቤቢ።»

ማክሰኞ ትመጣለች። እዚህ ትቀመጣለች። ታለቅሳለች። ስለ ሕፃን ትናገራለች።

ስኒውን አስቀመጥኩ። ሸክላይቱን ስጠረጥር ዋናዋ አመለጠችኝ ማለት ነው። ሴት አለች። ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ እየመጣች ባሌን ታገኘዋለች። ልጅ አለ። የኔ ልጅ አፈር ውስጥ እያለች የሱ ሌላ ልጅ የሆነ ቦታ እያለቀሰች ነው። አሁንም የማፍርበት አይደለም፣ ቅናተኛ የሆነ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቅኩ፤ ቆንጆ ናት ወይ አልኳት። ሱቀኛዋ ፎቶውን አተኩራ አየች። ጥያቄውን በቁም ነገር ነው የወሰደችው።

«ኖት ቢዩቲፉል» አለች። «ጉድ ፐርሰን። ሎንግ ኖዝ።»

ቆንጆ አይደለችም፣ ሰው ግን ጥሩ ናት፣ አፍንጫዋ ረጅም ነው። በአእምሮዬ አፍንጫ ጨመርኩላት። ቤቷ የት ነው፣ ወደየት ስትሄድ አየሻት፣ ከባሌ ጋር ነው ወይስ ቀድማ ነው የምትመጣው እያልኩ አከታተልኩባት። አሮጊቷ ግራ ገባት። ስልኬን ከእጄ ወሰደችና ጣቷን ባሌ ግንባር ላይ አሳረፈች።

«ዚስ» አለች። «ሺ።»

ገና አልገባኝም። ይህ ባሌ ነው አልኳት፣ ወንድ ነው፣ ሂ ነው። አዎ፣ ባልሽ፣ ሺ፣ አለችኝ። ከዚያ የኔን ፊት አይታ ምን እንዳጠፋች ተረዳችና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። በነሱ አፍ እሱም እሷም አንድ ድምፅ መሆናቸውን አስረዳችኝ። ታ ነው የሚሉት። ወንዱም ታ፣ ሴቷም ታ። በዚህ ከተማ ይህን ሁሉ ዓመት ስትነግድ እንግሊዝኛው አልለይ ብሏታል፤ ልጆቿ ሁልጊዜ ያርሟታል። ሸክላይቱን በአገጯ አመለከተችኝ። ታ፣ አለች፣ እሷም።

በኛ ቋንቋ ታ ብሎ የሚጀምር ግስ አንተም፣ አንቺም፣ እሷም ይሆናል፤ እሱ ግን አይሆንም። ታለቅሳለህ፣ ታለቅሳለች። ሳሳድዳት የከረምኩት ሴት ባሌ ነበር።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብያለሁም። ወዲያው ግን ሱቀኛዋ ምን እንደሚያደርግ በእጇ አሳየችኝ። ቋንቋችሁን አልሰማም አለች፣ ግን እንዲህ ነው የሚያደርገው። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ቀና ብላ ወደ ነጯ ሴት አየች፣ ሁለት መዳፎቿን አራርቃ የሕፃን ርዝመት ለካች። ከዚያ በአንድ ጣቷ አየር ላይ ፊት ትሠራ ጀመር። ቅንድብ። አፍንጫ። አፍ። አገጭ ላይ ስትደርስ ጣቷን አቆመችና ትከሻዋን አንቀጠቀጠች። እንዲህ ያለቅሳል ማለቷ ነው።

ያን ጊዜ የቀናሁት ቅናት ስም የለውም። ሌላ ሴት ብትኖር ይሻለኝ ነበር። ሌላ ሴት ብትኖር ፀጉሯን እይዛለሁ፣ በሽማግሌ እከሳታለሁ፣ ቢያንስ እሰድባታለሁ። ይህች ግን ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣ የሰው ልጅ ታቅፋ፣ የልጄን መልክ ማክሰኞ ማክሰኞ በአማርኛ ሰምታለች። ከሕንድ የመጣች፣ ጺሟን የላጨች እንግዳ የልጄን ቅንድብ ታውቃለች። እኔ ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት አላውቅም። ተነስቼ አጠገቧ ቆምኩ። ልሰብራት አልነበረም፣ ምናልባት ትንሽ። ሱቀኛዋ ከጎኔ መጥታ አንድ ብርቱካን ከሳህኑ አንስታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። የተቀደሰ ይሁን ወይም የምሳ ይሁን አልጠየቅኳትም። ታክሲ ውስጥ ልጬ በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር፣ እሱም አናደደኝ።

ካትሌሆንግ ስደርስ የተማሪ መውጫ ሰዓት ነበር። ባሌ ከፍርግርጉ ኋላ ቆሞ ለደንበኛ ዳቦ ይቆርጣል። በጓሮ በር ገብቼ አጠገቡ ቆምኩ። ሻርፔን ሳላወልቅ፣ የት እንደነበርኩ ሳልደብቅ፣ ለሸክላይቱ የነገርካትን ለኔ ንገረኝ አልኩት።

ቢላውን አስቀመጠ። ሽማግሌዎቹ አትንገራት ብለውኛል አለ።

«እሷ አወቀች፣ እኔ አላወቅኩም» አልኩት። «እኔ እናቷ ነኝ።»

አንዲት ጎጎ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ ፍርግርጉ ጋ ደርሳ «ሳውቦና» ብላ ሰላም አለች፣ ሻማ ትፈልጋለች። ሰጠኋት። ዞር ስል ባሌ የስኳር ማዳበሪያው ላይ ተቀምጧል። ፀጉር ነበራት አለ፤ ብዙ፣ እርጥብ፣ ግንባሯ ላይ የተለጠፈ። ሌላስ አልኩት። ጣቶቿ ረጃጅሞች ነበሩ አለ። አንድ ተማሪ ቺፕስ አለኝ፣ አንዱ የስልክ ኤርታይም አለኝ፤ እጄ ይሰጣል፣ ጆሮዬ ከኋላዬ ነው። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ታጥፎ ነበር፣ ሆድሽ ውስጥ ተጭናው መሰለኝ አለ። ሲያስታቅፉት ገና አልበረደችም ነበር። ነርሷ ልትወስዳት ስትመጣ ትንሽ ቆዪ ብሏታል፤ ቆይታለታለች። ይህን ሲል ትከሻው አሮጊቷ እንዳሳየችኝ ተንቀጠቀጠ። ባሌ ዓይኑን ሳያሸሽ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ደንበኛ ይቆጣል፣ ይጠራል፣ ብረቱን በሳንቲም ይመታል። መስኮቱን ዘጋሁት። ጎረምሶቹ ውጭ ሆነው በዙሉ አጉረመረሙ።

አጠገቡ ማዳበሪያው ላይ ተቀመጥኩ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ከመጀመሪያውም የነበረኝ እሱ ብቻ ነው።

«ማንን ነበር የመሰለችው?»

የማዳበሪያውን ክር መምዘዝ ጀመረ። ሊያባብለኝ ውሸት እየፈለገ መሆኑን አወቅኩ። እውነቱን ንገረኝ አልኩት። አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገና ወለሉን አየ።

«እኔን» አለ።

ቀናሁ። እዚያው ማዳበሪያው ላይ፣ እንባው ሳይደርቅ፣ ከልቤ ቀናሁ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ ከጓሮው በር ወደሚገባው ብርሃን አዞርኩት፤ ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ አፉን፣ አገጩን፣ ሳልቸኩል፣ ደህና አድርጌ አየኋት።